ጋጣው ውስጥ ያደገው ውሻ

ውሻው የሰውየውን አንጀት አሳርሮታል። ከካውካሰስ ተራሮች የመጣ የመንጋ ጠባቂ ዘር ነው ብለውት፣ እንደመከሩትም ከቡችላነቱ ጀምሮ ከግልገሎች ጋር ጋጣ ውስጥ አሳደገው። አሁን ጥጃ አክሏል፤ ግን ቢጠሩት አይመጣ፣ ለጌታው ጅራቱን አይቆላ፣ እንግዳ ሲመጣ አይጮህ። ከበጎቹ መሀል ተጋድሞ ያንቀላፋል።

"በልቶ መተኛት ብቻ!" እያለ ሚስቱ ደብሪቱ ላይ ይነጫነጫል። "ፋሲካ ይለፍና ባላባርረው!"

የፋሲካ ጠዋት ቢላዋውን ስሎ ሙክቱን ሊያወጣ ጋጣ ገባ።

ደብሪቱ ድስቷን ጥዳ ብትጠብቅ ብትጠብቅ ድምፁ ጠፋ። ብትወጣ ባሏ አጥሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል፤ የሱሪው አንድ እግር የለም። ከታች ውሻው ሙክቱን ከኋላው ከልሎ ጥርሱን አግጥጧል።

"ደብርዬ፣" አላት ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ "ዘንድሮ በሽሮ እንፈስካለን።"