የተነከረው ከሰል

ሰኞ ጠዋት ተስፋለም የከሰል ጆንያውን ሲመዝን አሁንም ሁለት ኪሎ ጎድሏል። ሦስተኛ ሳምንቱ ነው።

«ኢያቄም ነው፤ ሌላ ማን ይሆናል!» አለ ጥርሱን ነክሶ።

ሁለቱ ካዛንቺስ ባለው ላቦራቶሪ አብረው ይሠራሉ። የዶክትሬት ቦታው ግን አንድ ነው፤ ውጤቱን ቀድሞ ያሳየ ይወስደዋል። ተስፋለም ሠላሳ ስድስት ሞልቶታል፤ ይቺ ካመለጠችው በቃ።

ከሰል ብቻውን ወደ ጋዝ የሚለወጠው እየተጎተተ ነው። ብረት የሟሟበት ውሃ ውስጥ ተነክሮ ከደረቀ በኋላ እሳት ሲያገኝ ግን ይጣደፋል። ብረቱ እንደ ነገረኛ ጎረቤት ነው፤ ሌላውን ያነዳል እንጂ እሱ አይነድም። ተስፋለም የብረቱን ልክ ለማግኘት ሁለት ዓመት ለፍቷል። ከሰሉ ሲደርቅ ለዓይን ከገበያው አይለይም። ጆንያው የሚቀመጥበት ስቶር ቁልፍ እሱና ኢያቄም ዘንድ አለ፤ ትርፉ ደግሞ ለአደጋ ጊዜ ተብሎ ጥበቃው ጋሽ ሽሻይ ዘንድ ይቀመጣል።

«ስቶር ገብተህ ነበር እንዴ?» አለው ኢያቄምን።

«ኧረ ባክህ! የራሴ ጣጣ መች አነሰኝ?» ብሎ ሳቀ ኢያቄም።

ሳቁ ተስፋለምን አንገበገበው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ስንት ዓመት አንድ ትሪ ላይ የበሉ ሰዎች ናቸው እኮ!

በዚያው ሳምንት የጆንያውን ከሰል ብረቱ ሦስት እጥፍ በሆነ ውሃ ነከረው። ትክክለኛውን ናሙና ጠረጴዛው ውስጥ ቆለፈበት። ሌባው በሰረቀው ሲሠራ ውጤቱ ይዘበራረቅበታል፤ ኮሚቴው ፊት ይዋረዳል። ይበለው!

እሁድ እናቱ ደወለች።

«ቂርቆስን ተሳልሜ መመለሴ ነው። ምነው ጠፋህ ልጄ?»

«ሥራ በዝቶብኝ ነው እማዬ። ላንቻ ብርዱ እንዴት ነው?»

«ኧረ ሞቆኛል፤ ስለ እኔ አትስጋ። አንተ ብቻ ትምህርትህን!»

ደስ አለውና ቶሎ ዘጋው።

ሰኞ ከጆንያው አራት ኪሎ ጎድሎ አገኘ። ኢያቄምም ሥራ አልገባም። ስልኩም ዝግ ነው።

ተስፋለም መጀመሪያ ፈገግ አለ። ቆይቶ አንድ ነገር ትዝ ሲለው ፊቱ አመድ መሰለ። ኢያቄም መስቀል ፍላወር በተከራየው ቤት ልብሱ አልደርቅ እያለው ከሰል እንደሚያነድ አውርቶት ነበር። የተነከረውን ቤቱ ወስዶት ቢሆንስ? በብረቱ ተጣድፎ የሚወጣው የከሰል ጋዝ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው፤ በር በተዘጋበት ሰው እንደተኛ ይቀራል። የፈለገው ሊያዋርደው ነበር እንጂ ሊገድለው አልነበረም።

ኮንትራት ታክሲ ይዞ በረረ። በሩን በቡጢ ደበደበው።

ኢያቄም ጋቢ ተከናንቦ፣ እያስነጠሰ ከፈተለት።

«ጉንፋን ጥሎኝ ነው ባክህ። አንተስ ምን ሆነሃል?»

ተስፋለም አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አለቀሰ። የጠረጠረውንም የሠራውንም አንድ በአንድ ነገረው።

«ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ!» አለ ኢያቄም፤ ተቆጣ፣ ቆይቶ ደግሞ ሳቀ። «እኔ የገበያ ከሰል መች አጣሁና ያንተን እሰርቃለሁ?»

ታረቁ። ተስፋለም ሲመለስ ሸክም የወረደለት ያህል ቀለለው። ደስታውን ለእናቱ ሊያካፍል ደወለ፤ አላነሳችም። ደግሞ ሞከረ፤ አላነሳችም። ጎረቤት ሄዳ ይሆናል አለ።

የላቦራቶሪው በር ላይ ጋሽ ሽሻይን አገኛቸው።

«ጋሼ፣ ስቶር የሚገባ ሰው አይተው ያውቃሉ?»

ሽማግሌው አቀረቀሩ።

«አትቆጣኝ ልጄ፤ እሁድ እሁድ ከቂርቆስ ሲመለሱ ለእናትህ ከሰል የማወጣላቸው እኔ ነኝ፤ ‹ልጄ ቤቴ መቀዝቀዙን ሰምቶ እንዳይጨነቅ አትንገረው› ብለው አስምለውኝ ነው፣ ትናንት ደግሞ ብርዱ ስለባሰባቸው ፌስታሉን ሞላሁላቸው።»