እሳቸው ሲሳፈሩ

ሽማግሌው ብቻቸውን ሲነዷት ጸጥ ያለችው አሮጌ መኪና፣ ባለቤታቸው ስፌታቸውን ይዘው አጠገባቸው ሲቀመጡ ቆማ እያለች ማጓራት ጀመረች።

"እኔን ስታይ ነው የሚብስባት" አሉ ሴትየዋ።

ቱቦ ስትፈትሽ ያረፈደችው መካኒክ ጎንበስ ብላ ከሽማግሌው እግር ሥር አየች። ባለቤታቸው ከቁርጥራጭ ጨርቅ በእጃቸው የሰፉት ወፍራም ምንጣፍ የነዳጅ ፔዳሉን ተጭኖታል። ቅድም ብቻቸውን ሲነዱ ኋላ ወንበር ላይ ተጥሎ ነበር፤ ሽማግሌው ያነጠፉት ባለቤታቸው ሲመጡ ነው። ቀና ስትል ሽማግሌው በዓይናቸው ለመኗት።

"ቱቦ ነው፣ እማማ" አለች፣ ሳቋን ዋጥ አድርጋ።

"እሰይ።" ሴትየዋ መቀሳቸውን አንስተው ወደ ምንጣፉ አጎነበሱ። "እስከዚያው እኔ ጠርዙን ላሳጥርለት። የሱንስ ውሸት ለምጄዋለሁ፤ አንቺ ግን ገና ልጅ ነሽ፣ ከሱ አትማሪ።"