የዘገየች ድርሻ

ጋሽ ተሰማ ኤሊ ያሳድጋሉ። ቦንጋ ላይ ላም የሚያረባ ሞልቷል፣ ቀፎ የሚሰቅልም ሞልቷል፤ አርባ ኪሎ የምትመዝን ኤሊ ቤት አስተኝቶ ጎመን የሚያጎርስ ግን እሳቸው ብቻ ናቸው። ድሮ ኦሞ ቆላ ሲያስተምሩ ቅርፊቷን መኪና ሰንጥቆት መንገድ ዳር አግኝተው ነው ያመጧት። ስሟን ዘገየች አሏት። ልጅ አልወለዱም፤ ዘገየች ልጃቸው ሆነች፣ አለቀ።

ቆላ የለመደ ገላ የቦንጋን ዝናብ መች ይችላል! አፍንጫዋ ክረምት ከበጋ ይንጠባጠባል። ስለዚህ የከሰል ማንደጃ አለ፣ ሌት ተቀን የማይጠፋ አምፖል አለ፣ ለቅርፊቷ ካልሲየም አለ፣ የእንስሳት ሐኪሙ ፍቅሩ በመጣ ቁጥር ደግሞ መርፌ አለ። ይህ ሁሉ በመምህር ጡረታ!

ሚስታቸው ይመኙሻል አፏ አያርፍም። «እኛ ሥጋ ካየን ስንት ጊዜያችን፤ እሷ ፓፓያ ታማርጣለች» ትላለች። አንድ ቀንማ ዋጫ ከተማ ያለ ባለ ሎጅ ሊገዛት ይፈልጋል የሚል ወሬ ይዛ መጣች።

«እኔን አስቀድመሽ ሽጪኝ» አሏት።

እውነቱን ለመናገር ሐኪም የሚያስፈልጋቸው እሳቸው ነበሩ። ዐምና እግራቸው አብጦ፣ ትንፋሻቸው አጥሮ፣ ጎረቤት ለለቅሶ ተሰናድቶ ነበር። ሐኪም «ልብ ነው» ብሎ ኪኒን አዘዘላቸው። እሳቸው ግን ጸበል ገቡ፤ ኪኒን ዳግመኛ ላይቀምሱም በታቦቱ ስም ቃል ገቡ። ይመኙሻል ለምናቸው ለምናቸው ሰለቻት። ይኸው ወር ሳይሞላ እብጠቱ ጎደለ። ሌት እየተነሡ ይሸናሉ። «ጸበሉ ውሃውን እያወጣልኝ ነው» ይላሉ ላገኙት ሰው ሁሉ።

ዘንድሮ የፓፓያው ዋጋ እሳት ሆነ። ጋሽ ተሰማም መላ መቱ። ይመኙሻል ጨው ቀንሳ ለብቻ በሳህን ከምታቀርብላቸው ጎመን ግማሹን ለዘገየች ያካፍሏት ጀመር። ጎመኑ ትንሽ ይመራል፤ ዘገየች ግን አታማርጥም።

ይመኙሻል ያየች ቀን ጮኸች።

«ከሳህንህ አትስጣት! የራስህን ብላ!»

«እግዜር የሰጠንን ተካፍለን ብንበላ ምን አለበት?»

«ፓፓያውን ዶሮዬን ሸጬ እኔው እገዛላታለሁ። እኔው አበላታለሁ።»

ያቺ በፓፓያ ስትነጫነጭ የኖረች ሴት! ጋሽ ተሰማን ነገሩ ከነከናቸው።

በሁለተኛው ሳምንት ዘገየች ራሷን ከቅርፊቷ ማውጣት ተወች። ዓይኗ ጎደጎደ። የምትተኛበት ድርቆሽ ግን ሁልጊዜ እርጥብ ነው። ፍቅሩ መጥቶ አፏን ከፍቶ አየ፣ እግሯን ሳብ አደረገ።

«ጋሼ፣ ሰውነቷ ውስጥ ውሃ የሚባል የለም። ይኼ በሽታ አይመስለኝም፤ የሆነ ነገር በልታለች።»

«መርዝ?»

«እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። የምትበላውን ግን ይጠብቁ።»

ጠበቁ። ይመኙሻል የገዛችውን ፓፓያ ለጎረቤት በግ ጣሉት። ከገዛ ሳህናቸው በቀር እንዳትቀምስም ዘገየችን ቆልፈውባት ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። እሳቸው በልተውት ምንም ካልሆኑበት ሳህን የበለጠ ምን ዋስትና አለ! ዘገየች ግን ባሰባት።

አንድ ጠዋት ከኪዳን ቶሎ ተመለሱ። ይመኙሻል ጓዳ ተቀምጣ በነጭ ሽንኩርቷ ሙቀጫ ነጭ ነገር ትወቅጣለች። ስታያቸው በነጠላዋ ሸፈነችው።

«አንቺ! ልትገድያት ነው?»

«በማርያም! እኔ ማንንም አልገድልም።»

«ታዲያ ይኼ ምንድን ነው? ተናገሪያ!»

ሙቀጫውን ከነነጠላው እቅፏ ውስጥ ከተተችው። እንባዋ ወረደ። ንጹሕ ሰው ይደብቃል እንዴ?

በዚያው ቀን ሺሺንዳ ከተማ ወዳለችው እኅቷ ሰደዷት። ሠላሳ አምስት ዓመት አብራ የኖረችን ሴት፣ በአንድ ፌስታል! አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮት እጃቸውን ያዘች።

«ምሳህን ልላክልህ። በየቀኑ በሹፌሩ እልካለሁ። እባክህ ተሰማዬ፣ ከእጄ መብላት አታቁም።»

«አሁን ደግሞ የእኔ ተራ ደረሰ?» አሏትና እጃቸውን መነጨቁ።

ይመኙሻል በሄደች በሦስተኛው ሳምንት ዘገየች ራሷን አወጣች። ጋሽ ተሰማ ራሳቸው የቀቀሉትን ጎመን፣ ምሬት የሌለውን፣ ከሳህናቸው እየቀማች በላች። ፍቅሩ አይቶ «ተነሥታለች ጋሼ፣ እሰይ!» አለ። እሳቸውም እሰይ አሉ።

ቤቱ ጭር ብሏል። ጫማ እምቢ ብሏቸው ነጠላ ጫማ ነው የሚጎትቱት። ሦስት ትራስ ካልደረቡ አይተኙም። «ብቸኝነት ነው የጎዳኝ» ይላሉ፤ ጸበሉንም በጀሪካን እያስቀዱ ይጠጣሉ። አንዳንዴ ለይመኙሻል መደወል ያምራቸዋል፤ የዘገየችን የጎደጎደ ዓይን ሲያስታውሱ ይተዉታል።

ለዘገየች ካልሲየም ለመግዛት መድኃኒት ቤት ወጡ። በዳገቷ ላይ አራት ጊዜ ዐረፉ። ደርሰው ባንኮኒውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ድረስ፣ መድኃኒት ሻጯ የምሥራች ያበጠ እግራቸውን እያየች ጠበቀቻቸው።

«ጋሼ፣ እትዬ ይመኙሻል ምን ሆነው ነው የቀሩት? በየወሩ የሚገዙልዎት ውሃ ማስወጫ ኪኒን እኮ ካለቀ ወር ሊሞላው ነው።»