የሰደፉ ስብራት

«ወድቆ ነው» አለ የጠመንጃ ጠጋኙ እህት ባል፣ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ እያጋደመ። «ከግድግዳ ላይ ተንሸራቶ። ማታ ሳልፈልገው አልቀርም፤ ቶሎ በልልኝ ጋሼ።»

በከተማው ሌላ ጠመንጃ ጠጋኝ ቢኖር ኖሮ ወደ ሚስቱ ወንድም ባልመጣ። ጠጋኙ ሰደፉን አገላበጠው። የወደቀ ሰደፍ የሚሰነጠቀው ተረከዙ ላይ ነው። ይኼኛው ግን የተሰበረው አንገቱ ላይ፣ እጅ በሚጨብጠው ቀጭን ቦታ ነው፤ እዚያ ጋ የሚሰበረው ደግሞ አፈሙዙን ይዘው እንደ ዱላ ሲያወርዱት ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የዚህ ሰውዬ ውሸት ግን ለማደርም አልታደለም።

«ምን መታህበት?»

«ውሻ ነዋ! ምን ልምታበት ታዲያ?» ብሎ ሳቀ። ወድቆ ነው ማለቱን ረስቶታል።

ጠጋኙ ስንጥቁን በወረንጦ ፈልቀቅ አደረገው። በሂና የቀላ ረጅም ጠጉር ተሰንቅሯል። የእህቱ ጠጉር ነው። ያለችው አንዲት እህት ናት፤ እናታቸው ስትሞት እዚሁ ሱቅ ውስጥ፣ በሞረድና በዘይት መሃል ያሳደጋት እሱ ነው።

ምንም እንዳላየ ሰው ስልኩን አወጣና ደወለላት። የእህቱ ስልክ ከባሏ ኮት ኪስ ውስጥ ጮኸ።

«ተሳስቼ... ይዤው ወጥቼ ነው።»

«እሺ» አለ ጠጋኙ በቀስታ። «በል እንጨቱን ያዝልኝ፤ ሙጫ ሳልቀባው ሞርሳው ላይ ላጥብቀው።»

ሰውየው እፎይ ብሎ ሰደፉን ጠረጴዛው ላይ በታሰረው የሞርሳ የብረት መንጋጋ መሃል በጣቶቹ እንደያዘ አስገባ። ጠጋኙ እንጨቱን መንጭቆ አወጣና የሞርሳውን እጀታ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ቀኝ አዞረው። አራት ጣቶች ብረት መሃል ቀሩ።

«የት ናት?»

«እገድልሃለሁ! እናትክን...»

በነፃ እጁ መዶሻ ሲያነሳ ጠጋኙ ቀደመው፤ በዚያው በተሰበረ ሰደፍ ክርኑን አደቀቀው። ከዚያም እጀታውን አንድ ጊዜ ጨመረለት። አጥንቱ እንደ ጭራሮ ተንኮሻኮሸ።

«መጋዘን! መጋዘን ውስጥ ቆልፌባት ነው! በፈጠረህ፣ ትተነፍሳለች!»

«ቁልፉን!»

ጠጋኙ የሰውየውን ኪስ ሲበረብር የሱቁ በር ተበረገደ። እህቱ ናት። ግማሽ ፊቷ አብጦ አንድ ዐይኗ ተደፍኗል፤ ደሙ በአንገቷ ወርዶ ቀሚሷ ላይ ደርቋል፤ ጥፍሮቿ የመጋዘኑን በር ስትገነጥል ተላልጠዋል። «ወይኔ እህቴን!» አለ ጠጋኙ፤ ሰው ፊት አልቅሶ የማያውቀው ሰውዬ እንደ ልጅ አለቀሰ። ሊያቅፋት ሲል በክንዷ ገለል አደረገችው።

ሞርሳው ጋ ሄዳ እጀታውን በሁለት እጇ ያዘች።

ባሏ ቀና ብሎ ሲያያት ፊቱ ነፍስ ዘራ። «የኔ ቆንጆ! አንቺ እኮ ሆድሽ አይጨክንም... ፍቺልኝ። ወደ ግራ ነው፣ ወደ ግራ አዙሪው!»

«አውቃለሁ» አለችና ወደ ቀኝ አዞረችው።