ሰፊ የሥራ ቦታ

«እህል ነው ወይስ ሲሚንቶ የምታስገቢበት?» ይላል ደላላው በስልክ።

እኔና ባሌ የስፌት መኪናዬን በብርድ ልብስ ጠቅልለን በገመድ እያሰርን ነው። የባሌ ስልክ ድምፁ ተከፍቶ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። የጭነት መኪናው ነገ ጠዋት ይመጣል። ደላላው ያለው እኛ በምንሄድበት አገር ነው፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ሙሉ ያስኬዳል።

«የምን ሲሚንቶ?» እላለሁ። «እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ። የምቀጠርበት ስፌት ቤት የማን እንደሆነ ልጠይቅህ ነበር።»

«ስፌት ቤት?» ይላል ደላላው። «እህቴ፣ እኔ ያገኘሁልሽ መጋዘን ነው።»

ገመዱን የያዘው የባሌ እጅ ቀጥ ይላል።

ባሌን የሥራ ባልደረቦቹ ቁጥቡ ይሉታል። የኤሌክትሪክ መስመር ሠራተኛ ነው፤ ምሰሶ ላይ ሲወጣም ሲወርድም ድምፁ አይሰማም። መልእክት ሲጽፍ ደግሞ በፊደል የሚቀጡት ይመስለዋል። ስልኩን አንስቼ ከሦስት ሳምንት በፊት ለደላላው የላከውን እፈልጋለሁ። «ለባለቤቴ ሰፊ የሥራ ቦታ ፈልግልኝ» ይላል። መልሱም ከሥሩ አለ፤ «ሰፊ የሥራ ቦታ ተገኝቷል። ኑ።»

«የልብስ ሰፊ» ማለት ከብዶት ነው። ደውሎ ቢሆን ኖሮ ደላላው መልሶ ይጠይቀው ነበር። እኔም ያቺን መልስ አንብቤ እልል ያልኩ ሴት ስለሆንኩ በእሱ ብቻ መፍረድ አልነበረብኝም። ግን እፈርዳለሁ።

«አንተ ሰው፣ አንዲት ቃል ብትጨምር ምን ይጎድልብህ ነበር?»

«ሰፊ ብያለሁ እኮ» ይላል በቀስታ። «አንቺ ሰፊ አይደለሽም እንዴ?»

ደላላው ሳቁ ያመልጠዋል። እኔ አልስቅም።

ያለ ሥራ እግሬን እንደማላነሳ የሥራ ዝውውሩ የመጣ ቀን ነግሬዋለሁ። በመጀመሪያው ዝውውር ዝም ብዬ ተከትዬው ነበር። የደረሰችን ክፍል ጠባብ ነበረች፤ ሁለት ዓመት እጄን አጣጥፌ ስቀመጥባት እኔም አብሬያት ጠበብኩ። እሱ ጠዋት ሲወጣ በሩን ዘግቼ አለቅስ ነበር። አሁን ደግሞ እዚህ ያለውን ሥራዬን ለቅቄያለሁ። የስፌት ቤቱ ባለቤት እትዬ በእኔ ወንበር ላይ ሌላ ሴት አስቀምጠዋል። ከሁለት ያጣ ማለት እኔ ነኝ።

ባሌ ገመዱን ይለቀዋል። «ካልሆነ እኔ ቀድሜ ልሂድ። ሥራ ሲገኝ ትመጫለሽ።»

ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው። ሲናገር አያየኝም። የለበሰውን ሸሚዝ ከጨርቁ ጀምሮ ቆርጬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። እትዬ ቤት የሚቆርጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሰፋሁት ኮሌታ ብቻ ነው። የሸሚዙ ኮሌታ እንከን አይወጣለትም። የግራ እጅጌው ግን ከቀኙ በአንድ ጣት ይረዝማል። ባሌ አንድም ቀን አላነሳብኝም፤ አጠፍ አድርጎ ይለብሰዋል።

«ሃሎ?» ይላል ደላላው። «አከራይዋ መልስ እየጠበቁ ናቸው። ሌላ ሰው ልፈልግላቸው እንዴ?»

«ቆይ እስቲ» እላለሁ። ከዚያ ለምን እንደምጠይቅ ሳላውቅ እጠይቃለሁ። «መስኮት አለው?»

«አራት። በሩም ወደ መንገድ ነው፣ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት። መብራት አለ። ሰው ስለማይፈልገው ኪራዩም ቀላል ነው።»

«እናንተ አገር ልብስ የት ታሰፋላችሁ?»

«እኛማ ምን ሰፊ አለን ብለሽ! ሱሪ ለማሳጠር እንኳ በአውቶቡስ ነው የምንልከው። ባለፈው የእኔው ቀርቶ የሌላ ሰው ሱሪ መጣልኝ።»

«ታዲያ ምን አደረግህ?»

«ምን አደርጋለሁ? ይኸው ለብሼዋለሁ።»

ባሌ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ፤ ግን እዚያ ቆርጦ የሚሰጠኝ የለም። የምለካውም፣ የምቆርጠውም፣ እጅጌ ሲረዝም የምወቀሰውም እኔው ነኝ።

«ይህ እጅጌ አያስቸግርህም?» እለዋለሁ ባሌን።

የታጠፈውን እጅጌ አይቶ ያስባል። «ሲበርድ እዘረጋዋለሁ» ይላል።

«እህቴ፣ እንዲህ እናድርግ» ይላል ደላላው። «ምን እንደምትሠሪበት ጻፊልኝና ለአከራይዋ ላሳያቸው። ከጨው በቀር ሁሉን ይቀበላሉ። ጨው ግድግዳ ይበላል ባይ ናቸው።»

ደላላው ስልኩን ሲዘጋ ባሌ መልእክት መጻፊያውን ከፍቶ ይሰጠኛል።

«አንቺ ጻፊው። የእኔንማ አየሽው።»

በብርድ ልብስ የተጠቀለለችው መኪናዬ አጠገብ መሬት ላይ እቀመጣለሁ። አንዲት ቃል እጽፋለሁ፤ «እሰፋበታለሁ።»

ባሌ ከትከሻዬ በላይ ጎንበስ ብሎ ያነባታል። «ኧረ ‹ልብስ› የሚለውን ጨምሪበት» ይላል። «ደግሞ በሌላ እንዳይተረጉሙት።»

በሌላኛው ትርጉም ደግሜ አነባታለሁ። ምንም ሳልጨምር እልካታለሁ።