ነጭ ጫፍ

ልጄ ግሩም ጣና ዳር ጣውላ ይሸጣል። ጣውላው እንዳይሰነጠቅ ጫፍና ጫፉን ቀለም ይቀባዋል። ቀይ የተቀባው ለጣሪያ፣ ሰማያዊው ለበር ነው። ነጩ ለሬሳ ሣጥን ነው፤ እሱን የሚቀባው፣ ሰው ሞቶ ሲታዘዝ ብቻ ነው።

ሰሞኑን አንድ አጭር ጣውላ ጫፍና ጫፉ ነጭ ሆኖ አገኛለሁ። በቢላዋ እፍቀዋለሁ፤ ሲነጋ ተቀብቶ ይጠብቀኛል። ክንዴ ዛለ። ርዝመቱ ልክ የሴት ልጁን የዜማን ቁመት ያህላል፤ እንቅልፍ የነሣኝ እሱ ነው።

«ማን ሞቶ ነው?» አልሁት ግሩምን።

«ኧረ ማንም! ነጭ ቀለምም የለኝ። እማዬ፣ አንቺ ደግሞ ጭንቀት አታጪም።»

ዛሬ መፋቁ ቢታክተኝ ጣውላውን በመጋዝ ቆራርጬ ምድጃ ውስጥ ማገድሁት። እፎይ አልሁ።

ከሰዓት ዜማ ከትምህርት ቤት እያነከሰች መጣች።

«እማማ፣ እግሬ ረጠበብኝ።»

ዝናብ አልጣለም። ጫማዋን ባወልቅላት ሁለቱም ውስጥ እግሯ ነጭ ቀለም ተቀብቷል።

«ማን ቀባሽ፣ የኔ እናት?»

«ማንም አልነካኝ» አለችና አናቷን ዳበሰች። «እዚህም ረጥቧል።»

ጣቷን አሳየችኝ። ነጭ ነው።