የተሰመረበት ቃል

ጡቷ ላይ የወጣው እብጠት ምን እንደሆነ የሐኪሙ ወረቀት በአንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ይናገራል። እናት ራሷ ፍቺውን ለመፈለግ ድፍረት አጣች። ወረቀቱን ለልጇ ሰጠቻት።

«ቁርጤን ንገሪኝ። መቼም ደግ ነገር አይሆንም።»

ልጅቷ ፍቺውን ያየችውን ቃል ሁሉ የምታሰምርበትን መዝገበ ቃላት ይዛ ጓዳ ገባች። ቆይታ ወጣች።

«የማይጎዳ ማለት ነው፣ እማዬ! ከላቲን የመጣ ነው፤ በደግ የተወለደ እንደማለት። አንቺን ደግሞ ሁሌ ሞት ሞት ይሸትሻል!»

እናት መሬት ሳመች። ልጅቷም ለምሥራቹ ለስላሳ ልትገዛ ሮጠች።

እናት ያንን ደግ ቃል በዓይኗ ልታየው መዝገበ ቃላቱን ገለጠች። አዲስ የተሰመረበት ቃል ከወረቀቱ ጋር ፊደል በፊደል ይገጥማል፤ ፍቺው ግን «አደገኛ፣ ገዳይ፤ ከላቲን፣ በክፉ የተወለደ» ይላል።

የልጇን ኮቴ ስትሰማ መጽሐፉን ከድና እልልታዋን አቀለጠችው።